የወንድ እጅ የቋጨው ጋቢ

ሰው አዲስ ጋቢ ለብሶ ሲመጣ ሌላው "በጤና ልበሰው" ይላል። እኔ መጀመሪያ ጫፉን ነው የማየው። ዘርፉ ተቋጭቷል ወይስ አልተቋጨም? ከልብ ተቋጭቷል ወይስ ለይስሙላ? ይህን ሳላረጋግጥ ምርቃት ከአፌ አይወጣም። ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ ጋቢን የሚያውቁት ተጣጥፎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሱቅ ሲመጣ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሸማኔ ጋቢውን ሠርቶ ሲጨርስ ከሽመና ዕቃው ላይ ይቆርጠዋል። ያኔ የድሩ ጫፍ በሁለቱም በኩል ተበትኖ ይንጠለጠላል። ዘርፍ የሚባለው እሱ ነው። ያንን ክር ጥቂት ጥቂቱን እየለዩ፣ በመዳፍ ጭን ላይ እያሹ፣ እየገመዱ መጨረሻውን መቋጠር መቋጨት ይባላል። በእኛ መንደር፣ ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲኬድ ከመኪናው መንገድ ወደ ዞብል ተራራ በኩል ገባ ብላ ባለችው፣ መቋጨት የሴት ሥራ ነበር። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትቋጫለች። ሳይቋጭ ከቤት የሚወጣ ጨርቅ አንድ ብቻ ነው፤ ለሙት የሚቆረጠው። ከፈን መርፌ አይነካውም፤ ዘርፉም አይቋጭም፤ እንደተበተነ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ያልተቋጨ ነገር ትከሻቸው ላይ አይጥሉም ነበር። ይህን ቁጭ አድርጎ ያስተማረን ሰው የለም። እሳት እንደሚያቃጥል እንዳወቅን እንዲሁ አወቅነው።

እኔም አውቀው ነበር። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ "ምስኪን፣ ባታውቅ ነው" ብሎ የሚያዝንልኝ እንዳይኖር።

የመንደራችን ጋቢ ስም ያለው ጋቢ ነበር። ጥጡ የራያ ቆላ ጥጥ ነው፤ እናቶቻችን ለቅመው፣ ዳምጠው፣ ነድፈው ይፈትሉታል። ሸማኔዎቻችን ማጉን አጥብቀው ስለሚመቱት ውሃ እንኳ ቶሎ አያልፈውም። ከላስታ የሚወርዱ ደገኞች ለብርዳቸው፣ ከዞብል ማዶ የሚመጡ አፋሮች ለሽማግሌዎቻቸው ይገዙት ነበር። ጥለቱ ግን የሌላ አገር ሸማኔ የማይደርስበት ነበር። ጥቁርና ቀይ ክር በተወሰነ ቁጥር እየተፈራረቀ ይሄድና መሐሉ ላይ አንዲት ቢጫ ክር ብቻዋን ትገባለች። ከቢጫዋ ወዲያ ቁጥሩ ይለወጣል። እንዴት እንደሚለወጥ አሳምረው የሚያውቁት አጎቴ ነበሩ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው፣ ቆቦ ልከው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። "አያ" እላቸው ነበር፤ መንደሩም በሙሉ እንደዚያው ይላቸዋል። ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እግራቸውን ከሽመና ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መሸመን ከጀመሩ ሰላም ላላቸው ሰው እንኳ የማጉን መወርወሪያ በድሩ መሐል ሳያሳልፉ መልስ አይሰጡም። ሰውም ያውቅላቸዋል፤ ቆሞ ይጠብቃል።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ይህን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደው። ጥጡ በቆመበት ደረቀ፤ የተፈተለው ተሸጠ፤ የሽመናው ዕንጨት ማገዶ ሆነ። የአጎቴ ዕቃ ብቻ ተረፈ፤ የተረፈውም ሥራ ስለነበረው ነው። በዚያ ዓመት ምን ይሸምኑ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከረሃብተኛው መጠለያ ሰው ይመጣል፤ የሟቹን ቁመት በክንዱ ያሳያል፤ አጎቴ ይቆርጡለታል። ያን ዓመት በመንደራችን አንድም ዘርፍ የቋጨች ሴት አልነበረችም። እናቴም እሳቸው በቆረጡት ጨርቅ ሄደች።

ዝናቡ ተመልሶ የተረፈው ሰው ወደ ቀየው ሲገባ ከአውራጃው አንድ ጓድ መጣ። ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሷል፤ ፈጠን ፈጠን ብሎ ይናገራል። የግራር ጥላ ሥር ሰብስቦን ስለ ጋቢያችን ሲናገር ማን እንደነገረው እንጃ፣ ጥለቱን ሳይቀር ያውቃል። "ይህ የአካባቢያችሁ ልዩ ምርት ነው" አለ። ጋቢያችን ምርት ተብሎ ሲጠራ የዚያን ቀን ሰማሁ። በማኅበር ብትደራጁ፣ ጥጡን ራሳችሁ ብትዘሩ፣ ሴቱ ቢፈትል፣ ወንዱ ቢሸምን ይህች መንደር የእርዳታ እህል ሳትጠብቅ በእጇ ሥራ ትቆማለች አለን። መጥፎ ሰው አልነበረም። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ባላመንነው ነበር።

የጥጥ ዘር ከየት ይምጣ? ሁሉም የነበረውን ቆልቶ በልቷል። አንዲት አሮጊት ብቻ በቅል ደብቃ ያቆየችው ፍሬ ተገኘ። እንዴት ሳትበላው ቀረች ተብላ ብትጠየቅ "ይመራል" ብላ መለሰች። ያ የመረራት ፍሬ ነው የመንደራችን ጥጥ ሆኖ የበቀለው።

አጎቴ ሊቀመንበር፣ እኔ ጸሐፊ ሆንን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቱ አልመጣልኝም ነበርና ቤት ተቀምጬ በትንሹም በትልቁም የምጋጭበት ጊዜ ነው። ሹመቱ ልቤን አሳበጠው፤ ምን ልዋሽ። ሰባት ሸማኔዎች ነበሩን። ከሁሉም ታናሹ በዚያው ሰሞን ያገባ ስለነበር ሙሽራው እንለዋለን። አፈ ቀልድ ነው፤ እጁ ግን ከአፉ ይፈጥናል። የቆርቆሮ ዳስ ተሠራልንና ሁሉም ጉድጓዱን እዚያ ቆፈረ። ጠዋት ጠዋት የመወርወሪያው ኳኳታ ሲጀምር ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው ከዳሱ ውጭ ይሰበሰባሉ፤ ለምን እቤታቸው እንደማይፈትሉ ቢጠየቁ "ድምፁን እየሰማን ነው ፈትሉ የሚቀጥንልን" ይላሉ። ከድርቁ በኋላ ሰው ሲስቅ የሰማሁት እዚያ ዳስ ሥር ነው። ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ደስታው ውስጥ ፍርሃት ነበረበት።

በዚያ ሰሞን ሰው የሚፈራው ረሃቡን ብቻ አልነበረም፤ ዝርዝሩንም ነበር። ቆሞ የነበረው ሰፈራ እንደገና ሊጀመር ነው ተባለ። ስሙ ዝርዝር ውስጥ የገባ ሰው በመኪና ተጭኖ ወደ መተከል ይሄዳል። የሄደ ሰው ሲመለስ አላየንም። ጓዱ እኔንና አጎቴን ለብቻ ጠርቶ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረን። በአብዮት በዓል ቆቦ ላይ ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል፤ ከክፍለ ሀገሩ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። እንግዳው የማኅበራችንን ሥራ አይቶ ከፈቀደ አባላቱ አምራች ናቸው ተብሎ ከዝርዝሩ ይሰረዛሉ። ካልፈቀደ ሸማኔዎቹ መሬት ስለሌላቸው መጀመሪያ የሚጫኑት እነሱ ናቸው። ነገሩ ይኸው ነው። እንግዳው ጋቢያችንን ከወደደ አጎቴ ይቀሩልኛል፤ ካልወደደ ይሄዱብኛል። ከእሳቸው በቀር በዚህ ዓለም ማንም አልነበረኝም።

ክረምቱን ሙሉ ተሠራ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጋቢዎቹ አንድ በአንድ ከዕቃው ላይ ወርደው ተከመሩ። መቋጨት ብቻ ነበር የቀረው። እሱንም ሴቶቹ በጥቂት ቀን ይጨርሱታል ስንል ለችግኝ ተከላ ተጠሩ። ዞብል ጥግ ድረስ ሄደው እዚያው እያደሩ ይተክላሉ፤ ለሥራው እህልና ዘይት ይሰጣቸዋል። እንዴት ቅሩ ይባላሉ? ገና ከሰው ልብ ያልወጣ ረሃብ ነው።

"አያ፣ እንዳለ እንውሰደው" አልኳቸው።

መወርወሪያዋን አሳለፉ። "ሳይቋጭ?"

"ገና ለገበያ አይደለም እኮ፤ ለማሳያ ነው። ከበዓሉ በኋላ ይቋጫል።"

"ለማሳያስ ቢሆን? የሚያየው ሰው ዓይን የለውም ወይ?"

"የሚመጣው ከተማ ያደገ ሰው ነው። ጥለቱን ያያል እንጂ ዘርፍ ይቆጥራል?"

"ሳይቋጭ አይወጣም፣ ልጄ። ሴቶቹ ከሌሉ አንቺ አለሽ። ተቀመጪና ቋጪ።"

እኔ በዚያን ሰዓት ምን ይዤ ነበር? ብሩሽና ቀይ ቀለም። በነጭ ካርቶን ላይ መፈክር እየጻፍኩ ነበር። "አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ጭኔን ገልጬ ዘርፍ ላሽ?" አልኳቸው። በእነዚህ ቃላት ነው ያልኳቸው። ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይቃጠላል።

አልተቆጡኝም። ከጉድጓዳቸው ወጡ፤ ከክምሩ አንዱን ጋቢ አነሱ፤ ሽርጣቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰብስበው መሬት ላይ ተቀመጡና ራሳቸው መቋጨት ጀመሩ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ።

"አያ፣ እንዝርትም ላምጣልዎ?" አለ ሙሽራው።

"አምጣ። ያንተይቱ ሙሽራ ስትመጣ አብረን እንፈትላለን" አሉ፤ ቀና ሳይሉ።

አላወቁበትም። አንዱን ቀጭን፣ አንዱን ወፍራም ገመዱት፤ አንዱ ረጅም ሲሆን ሌላው አጠረ። እስከ በዓሉ ዋዜማ ድረስ የጨረሱት ያንን አንዱን ጋቢ ብቻ ነው። ጭናቸው ተልጦ ቀይ ሆኖ ነበር። ሌሎቹ ሸማኔዎች አንድም አልሞከሩም፤ ወንድ ናቸዋ።

በበዓሉ ጠዋት ጋቢዎቹን በአህያ ጭነን ቆቦ ገባን። ጠረጴዛችን ላይ መፈክሬን ሰቀልኩ፤ ጋቢዎቹን ደረደርኩ፤ የተበተነውን ዘርፍ ሁሉ ወደ ውስጥ አጠፍኩት። ላይ ላዩን ሲያዩት ጉድለት የለውም። አጎቴ የቋጩትን ጋቢ ከሁሉም በላይ አስቀመጡና "ለእንግዳው የምታለብሺው ይኸን ነው፤ ሌላውን እንዳትነኪ" አሉኝ። "እሺ" አልኩ። ሰዉ ሲበዛ እሳቸው ወደ ኋላ ሄደው ከሸማኔዎቹ ጋር ቆሙ።

ያንን ጋቢ አየሁት። ጫፉ እንደ ልጅ ሥራ ጎርበጥባጣ ነው። ከጎናችን ጠረጴዛቸውን ያቆሙት የሌላ ማኅበር ሴቶች አይተውት ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አፈርኩበት። በአጎቴ አፈርኩ ብል ወደ እውነቱ ይቀርባል። ሙዚቃው ተጀምሮ እንግዳው ወደ እኛ ሲቃረብ የእሳቸውን ጋቢ ወደ ታች ከትቼ ከሥር ንጣቱ ዓይን የሚስበውን አወጣሁ። ዘርፉ ታጥፏል፤ ማን ያየዋል?

እንግዳው ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነበር። ፈገግ ብሎ ጎንበስ አለልኝ። እኔም ጋቢውን ዘርግቼ ትከሻው ላይ ጣልኩት። ስዘረጋው የታጠፈው ተፈታ። የተበተነው ዘርፍ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ተንጠለጠለ።

ጭብጨባው ጀምሮ ሳያልቅ ቆመ። ከፊት የነበረች አንዲት ባልቴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች። ሰው ሲሞት የሚባለው ነው። ቃሉ ከአፏ ያመለጣት ይመስለኛል። ግን አንዱ ተቀበላት፤ ሌላውም ተቀበለ፤ አደባባዩ ሙሉ ዝግ ባለ ድምፅ የሰውየውን ሞት አነሳ። ቆሞ እየሰማ።

እንግዳው ዘርፉን በሁለት ጣቱ ያዘና አየኝ። "ማን ሞቶ ነው?" አለኝ። አማርኛው የእኛው ነው፤ የወሎ። ኋላ እንደሰማሁት እዚሁ ከእኛ ብዙም ያልራቀ መንደር የተወለደ ነው። ጋቢውን አውልቆ አጣጠፈ፤ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጓዱ እኔን፣ አጎቴንና ለምስክርነት ሙሽራውን አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባን። ላብ አጥምቆታል። "እኔ ዘርፍ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያደግሁት ሌላ አገር ነው" አለ፤ ሊያለቅስ የቀረበ ይመስል ነበር። "ግን በሰው ፊት የሙት ልብስ አለበሳችሁኝ ተብሏል። ይህን ተራ ስህተት ነው ብዬ ማንን ላሳምን? ሳይቋጭ ይቅረብ ያለው ማነው?"

አፌን ልከፍት ስል አጎቴ ቀደሙኝ ብዬ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። ውሸት ነው። አፌን ልከፍት አልነበረም።

"እኔ ነኝ" አሉ አጎቴ። "እርጅና ነው፤ ዘነጋሁት።"

ሙሽራው ቀና ብሎ አየኝ። እውነቱን ያውቃል፤ ዳሱ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ጓዱ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ፤ ቃለ ጉባኤ ያዢ" አለኝ። ያዝኩ። ሊቀመንበሩ ጥፋታቸውን አመኑ ብዬ፣ መምህሮቼ ይወዱት በነበረው የእጅ ጽሑፌ፣ አንድም ፊደል ሳልሰርዝ ጻፍኩ። አጎቴ መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክረው አተሙበት።

በቋንቋችን መቋጨትና መቆጨት የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ትምህርት ቤት ይህን ያስተዋለ መምህር አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆይ ዝርዝሩ ተነበበ። አጎቴንና ሙሽራውን ጨምሮ አራት ሸማኔዎች "በፈቃደኝነት" ይሰፍራሉ ተባለ። በዚያው ቀን ዳሱ ውስጥ አጎቴ እግር ላይ ወደቅሁ። "ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው" አልኳቸው።

"ምን ሊጠቅም? ሁለታችንንም እንዲወስዱን?"

"እኔ ነኝ እኮ ያጠፋሁ፣ አያ።"

"አውቃለሁ" አሉ። "አብሽሪ፣ ሆዴ። ልጅ ያጠፋል። ሽማግሌም ዘነጋ ቢባል ምኑ ይገርማል? አንቺን ጭነውሽ ብቀር ግን ይኸን ዕቃ በየትኛው እጄ እነካዋለሁ?"

ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ ቢሰድቡኝ ኖሮ እላለሁ።

የሚጫኑበት ቀን ያንን የቋጩትን ጋቢ ይዤ መኪናው ድረስ ሄድኩ። ይለብሱታል ብዬ ነው። አልተቀበሉኝም። ከመኪናው ላይ ጎንበስ ብለው መልሰው እጄ ላይ አደረጉት። "እዚያ ብርድ የለም አሉ። ጥለቱ እዚህ ላይ ሙሉውን አለ፤ ሌላ የተረፈ የለም፤ ሌሎቹን እነ ጓድ ወስደዋቸዋል። አንድ ቀን የሚሠራ ሰው ከመጣ ከዚህ ቆጥሮ ይሠራል። አደራ፤ እንዳይነትብ።" ከዚያ ፈገግ አሉ። "ደግሞ ዘርፉ አስቀያሚ ነው ብለሽ ፈትተሽ እንደገና እንዳትቋጪው።"

አጎቴ አውቀውታል ማለት ነው። ጋቢውን መለወጤን ከኋላ ቆመው አይተዋል። "አልፈታውም" አልኳቸው። መኪናው ሲነሳ በደንብ መሰናበቴን እንኳ አላስታውስም።

ማኅበሩ እንዲሁ ቀረ። የተረፉት ሦስቱ ሸማኔዎች ፈርተው ዕቃቸውን ፈቱ፤ ዳሱ የቀበሌ እህል ማስቀመጫ ሆነ። ጓዱም ተዛውሮ ሄደ። የሚሸምንላቸው ሲጠፋ ሴቶቹ ለማን ይፍተሉ? ጥጡ አንድ ዓመት ማንም ሳይለቅመው ማሳው ላይ ተበትኖ ንፋስ ሲያመላልሰው አየሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ማሽላ ተዘራበት። እኔ ቆቦ ገብቼ ጽሕፈት ሥራ ያዝኩ። አንድ ጊዜ የጥለቱን ክር ከጋቢው ላይ ቆጥሬ፣ በወረቀት ጽፌ ዋጃ ለሚኖር ሸማኔ ወስጄለት ነበር። ወረቀቱን ገልብጦ ገለባብጦ አየና "እቴ፣ ይኸ ቁጥር ነው እንጂ ጥለት አይደለም" ብሎ መለሰልኝ። ብዕሬ ለቃለ ጉባኤ እንጂ ለሌላ እንደማይሆን ገባኝ። ጋቢውን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።

ሦስት ዓመት አለፈ። ደርግ ገና አልወደቀም፤ ጦርነቱ ግን ወደ እኛ እየቀረበ ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው በሬን አንኳኳ። ጉንጩ ገብቷል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ስሜን ሲጠራኝ በድምፁ ነው ያወቅሁት። ሙሽራው ነው። ከመተከል ጠፍቶ፣ አብዛኛውን በእግሩ ነው የመጣው። ሚስቱ ሞቷል ተብላ ሌላ አግብታ ነበር፤ መጀመሪያ እዚያ ሄዶ፣ በር ላይ ልጅ አቅፋ አይቷት፣ ሳያናግራት ተመልሷል። ይህን ሲነግረኝ እንደ ድሮው ሊቀልድበት ሞከረና አቃተው።

ውሃ ሰጠሁት። አጎቴን አልጠየቅሁም። እሱም ቶሎ አልነገረኝም።

"ከቀርከሃ ዕቃ ሠርተው ነበር" አለ በመጨረሻ። "ያማረ። ጥጥ ግን የለም፤ ፈትል የለም። ባዶ ዕቃው ላይ ተቀምጠው ጥለቱን በጣታቸው ያስቆጥሩኝ ነበር፤ 'ክር እስኪመጣ እጅህ ይያዘው' እያሉ። እስከ ቢጫዋ ክር ደርሰን ነበር። ከዚያ ወባው ጣላቸው።"

"በምን ተከፈኑ?" አልኩት። ከሁሉ በፊት የመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው።

የውሃውን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጠ። "ጨርቅ አልነበረም። የእህል ማዳበሪያ ተረተርን። አንዱ አልበቃ አለ።" እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። "ሰፋነው፣ እህቴ። ወላሂ አማራጭ አልነበረንም። መርፌ አስነካናቸው።"

ለሙት ሁሉ ሲቆርጡ የኖሩት ሰው፣ እናቴን መርፌ ያልነካው ጨርቅ ያለበሷት ሰው፣ ተሰፍተው ተቀበሩ። የሳቸው ጋቢ በዚያን ሰዓት እኔ ሳጥን ውስጥ በቁልፍ ተኝቶ ነበር። አለቀስኩ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼ አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ "እኔ ነበርኩ እኮ" ስለው "አውቃለሁ፤ እዚያ ነበርኩ" አለኝ። ይቅርታም አላደረገልኝ፤ አልፈረደብኝም።

እዚያው እንደተቀመጠ ወባው ተነሳበት። የቆቦ ሐሩር ቆርቆሮውን እያነደደ እሱ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አንሶላ አለበስኩት፤ ብርድ ልብስ ደረብኩለት፤ አልሞቅ አለው። ተነሥቼ ሳጥኑን ከፈትኩና የአጎቴን ጋቢ አወጣሁ።

ትከሻው ላይ ልጥልለት ስል እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ጫፉን በጣቱ ፈልጎ አገኘ። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። እያንዳንዱን ዳሰሰ።

"የአያ እጅ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ነው ጎንበስ ብሎ ትከሻውን የሰጠኝ።

ተጠቅልሎበት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ የጋቢውን ጠርዝ ወደ ዓይኑ አቀረበና በአውራ ጣቱ ጥፍር ጥለቱን መቁጠር ጀመረ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ። እስከ ቢጫዋ ክር ድረስ አልተሳሳተም። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ጠፋው። ተመልሶ ከጫፉ ጀመረ።